ማሽኑ ራሱን ማስነሳት ከጀመረ በኋላ

በ1977 ዓ.ም. አምቦ በሚገኝ አንድ የውሃ ጥናት ጽሕፈት ቤት በቴክኒሻንነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ አንድ ማሽን መከታተል ነበር። ማሽኑ ያለው ግን አምቦ አይደለም፤ ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ከሐሮ ወንጪ መንደር ትንሽ ራቅ ብሎ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ነው። የጽሕፈት መኪና የሚያክል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የሐይቁን ከፍታና የዘነበውን ዝናብ እየለካ በየሰዓቱ በሬዲዮ ወደ አምቦ ይልካል። እኔ ቢሮ ያለው ማተሚያ ደግሞ የተላከውን ተቀብሎ በረጅም ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ያትማል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ከፍታ፣ የዝናቡን መጠን። ጠዋት ገብቼ ወረቀቱን ሳይ ሃያ አራቱም መስመሮች ካሉ ቀኔ ሰላም ነው።

ብዙ ጊዜ ግን አይሟሉም። ማሽኑን አምጥቶ የተከለው ፈረንጅ፣ እኔ በተቀጠርኩ በዓመቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሱ የጻፈው ፕሮግራም መብረቅ ሲጮህ ይቆማል፤ ባትሪው ደከም ሲል ይቆማል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ይቆማል። ማሽኑ መብራቱ እንደበራ፣ ነገር ግን ምንም ሳይለካ ምንም ሳይልክ ደንዝዞ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰው ሄዶ ማጥፋት፣ መልሶ ማብራት፣ ፕሮግራሙን ከካሴት ላይ እንደገና መጫንና ማስጀመር አለበት። የማሽኑ ሳጥን ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

ስለዚህ መስመሩ ሲቋረጥ እሄዳለሁ። የቢሮው ላንድሮቨር ነዳጅ ካለው በእሱ፣ ከሌለው በጭነት መኪና ለምኜ ወንጪ አፋፍ ድረስ እወጣለሁ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በፈረስ ወደ ሐይቁ። በወር ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም እሄድ ነበር። ታች ስደርስ ኦቦ ጉዩ አጥሩ በር ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

ኦቦ ጉዩ የጣቢያው ዘበኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ አማርኛቸው የሰፈር፣ ማለቴ የጦር ሰፈር፣ አማርኛ ነው፤ መሃል ላይ ኦሮምኛው ይገባበታል። ሚስታቸው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው የሞቱት። የሚኖሩት ከማሽኑ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘች ክፍል ውስጥ ነበር። ማሽኑን እንዳይነኩ ስለተነገራቸው አይነኩም። ሥራቸው ከብትና ፈረስ የሬዲዮውን ምሰሶ እንዳይታከክ መጠበቅ፣ በየጠዋቱም የዝናብ መለኪያውን አፍ ከቅጠልና ከወፍ ኩስ ማጽዳት ነው።

"አካም ጅርታ፣ ውቤ? ተኛብህ አይደል?" ይሉኛል።

"ተኛብኝ፣ ኦቦ ጉዩ። እርስዎ ደህና ነዎት?"

"እኔማ አልተኛሁም። ኮቱ፣ ግባ። እሱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ አንተ ብላ።"

ድንች ይቀቅሉልኛል፣ ወይም ቆጮ በአይብ ያቀርባሉ። ሳልበላ ሳጥኑን ብከፍት ይቀየሙኛል። ከዚያ እሠራለሁ፤ እሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ማሽኑ ከካሴቱ ላይ ፕሮግራሙን እስኪያነብ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያ አሥራ አምስት ደቂቃ ለኦቦ ጉዩ ወሬ በቂ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ቱፋ የሚባል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል። በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጊንጪ ገበያ እንደሄደ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ተላከ። ኦቦ ጉዩ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ሐይቁ ዳርም ፖስታ ስለማይደርስ፣ ልጁ የሚጽፈው በቢሯችን የፖስታ ሣጥን፣ "በአቶ ውባየሁ በኩል ለአባቴ" እያለ ነበር። ደብዳቤ ካለ ይዤ እወርዳለሁ። እዚያው ቀድጄ አነብላቸዋለሁ።

"እስቲ ሰላምታውን ድገመው" ይላሉ።

እደግመዋለሁ።

"ጤንነቱን የጻፈባትንም።"

እሷንም እደግማለሁ። ከዚያ መልሱን እየነገሩኝ እጽፋለሁ። ላሚቱ ወልዳለች በለው፤ ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው በለው፤ እኔ ደህና ነኝ በለው። በ1980 ዓ.ም. ጥር አካባቢ ደህና አልነበሩም። ሲያወሩ ሳል ያቋርጣቸዋል፤ ምሰሶውን ይዘው እስኪያልፍላቸው ይቆማሉ።

"ሳልዎን ልጻፍለት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ተው፣ ተው። እሱ እዚያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል? እዚህ አንተ አለህ፤ ከባሰብኝ ሐኪም ቤት ታደርሰኛለህ።"

"አሁኑኑ ለምን አንሄድም?"

"አሁን አልባሰኝም" አሉና ሳቁ።

በዚያው ዓመት የመንደር ምሥረታው ደረሰ። ሐይቁ ዳር ተበታትነው የነበሩ ቤቶች ፈርሰው፣ ጣሪያና ምሰሶው በሰው ትከሻ ዳገቱን ወጥቶ፣ አፋፉ ላይ በመስመር ተተከለ። የኦቦ ጉዩ ታናሽ እህት አዴ ደስታነሽም ወደዚያ ሄዱ። በፊት ጎረቤት ነበሩ፤ አሁን እሳቸው ዘንድ ለመድረስ የአንድ ሰዓት ዳገት ሆነ። ኦቦ ጉዩ የመንግሥት ንብረት ጠባቂ ስለሆኑ ብቻቸውን ታች ቀሩ። የፈረሱት ቤቶች ቦታ ላይ ሣር በቀለ። በበር ላይ የሚቆሙት ከበፊቱ ቀድመው እንደሆነ አስተዋልኩ፤ እኔ ገና ሩቅ ሳለሁ ቆመው አያቸዋለሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ፈይሳ ክፉ ሰው አልነበሩም። መጋቢት ሲያልቅ ቢሯቸው ጠርተው የወሩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

"ቁጠር እስቲ። አሥራ አንድ ቀን የለም። ለበላይ አካል ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ፕሮግራሙ እየቆመ ነው፣ ጓድ ፈይሳ። እንደሰማሁ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ነው..."

"አንተ እንደምትሄድ አውቃለሁ። በሄድክ ቁጥር ላንድሮቨሩ ሁለት ቀን ይጠፋል። ይህን ነገር አንድ መላ ፈልግለት።"

ቤትም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሚስቴ ጌጤነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። "አንተ ፈረስ ላይ ሆነህ እኔ ምጥ ይይዘኛል" ትለኝ ጀመር። እኔም መንገዱ ሰልችቶኝ ነበር። ይህን አሁን ብደብቀው ዋጋ የለውም።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያጠፋል፣ ያበራል፣ ያስጀምራል። ታዲያ ይህን ማሽኑ ለራሱ ቢያደርገውስ? ሁለት ወር ሠራሁበት። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ገጣጠምኩ። ፕሮግራሙ ደህና እስካለ ድረስ በየደቂቃው ለሰሌዳዋ ምልክት ይሰጣል። ሰሌዳዋ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምልክት ካላገኘች ፕሮግራሙ ቆሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሪሌ የምትባለው ማብሪያ ማጥፊያዋ ጠቅ ብላ ኤሌክትሪኩን ትቆርጥበታለች፣ አሥር ሰኮንድ ትጠብቅና መልሳ ትለቅለታለች። ፕሮግራሙንም ፈረንጁ ትቶት በሄደው መሣሪያ ከካሴት ወደ ማስታወሻ ቺፕ ገለበጥኩት፤ ማሽኑ ሲበራ ማንም ሳይነካው ከዚያ አንብቦ ይጀምራል። ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ለማወቅ፣ ራሱን ባስነሳ ቁጥር መስመሩ ጫፍ ላይ አንዲት ኮከብ እንዲያትም አደረግሁ። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ሆን ብዬ ሃያ ጊዜ አቆምኩት፤ ሃያ ጊዜ ተነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሰኔ 4 ቀን ወስጄ ገጠምኩት። ኦቦ ጉዩ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ከጨረስኩ በኋላ ፕሮግራሙን አቆምኩና "አሁን ይመልከቱ" አልኳቸው። አምስት ደቂቃ ዝም ብለን ጠበቅን። ሪሌዋ ጠቅ አለች፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው ቀይ መብራት ጠፋ። ቆይታ መልሳ ጠቅ አለች። መብራቱ በራ፤ ሬዲዮው ማንሾካሾክ ጀመረ።

"ራሱ ተነሳ?" አሉ።

"ራሱ ተነሳ።"

"ሰው ሳይመጣ?"

"ሰው ሳይመጣ፣ ኦቦ ጉዩ!"

"ጋሪዳ" አሉ ቀጥለው፣ "ጎበዝ ነህ።" ተነስተው ፈረሴን ሊያመጡልኝ ሄዱ። ስወጣ ኮርቻውን እያጠበቁ፣ ፊታቸውን ወደ ፈረሱ እንዳደረጉ፣ "እንግዲህ መንገዱ አያደክምህም" አሉኝ።

"እመጣለሁ እንጂ! በየወሩ እመጣለሁ። የቱፋ ደብዳቤስ?"

"አዎ፣ ደብዳቤ አለ" አሉ።

የቱፋ ደብዳቤ ከየካቲት ጀምሮ ቀርቶ ነበር። ሰሜን ትልቅ ውጊያ እንደነበረ ሁላችንም ሰምተናል። እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

ማሽኑ እንደጠበቅሁት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ አንድ መስመር አልጎደለም። ኮከቦቹን እቆጥር ነበር፤ በሰኔ አሥራ ሰባት ጊዜ ወድቆ አሥራ ሰባት ጊዜ ተነስቷል። በስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ላንድሮቨሩ ለሌላ ሥራ ተመደበ። ሐምሌ 3 ቀን ጌጤነሽ ሴት ልጅ ወለደች፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ሐምሌ 12 ቀን የቢሯችን ጸሐፊ ድንቅቱ ፖስታውን ይዛ መጣች።

"የኦቦ ጉዩ ልጅ ጽፏል! እንኳን በሕይወት ኖረ።"

ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከጀርባው ያለው አድራሻ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ይላል። ደስ አለኝ። ወደ መሃል አገር መጥቷል ማለት ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው አልኩ። አልከፈትኩትም፤ ቀድሜ ከፍቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ እሳቸው ፊት ነው የምቀደው። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማሽኑ ሲቆም እወስድላቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ማሽኑ እንደማይቆም ትዝ አለኝ። እንግዲያው በዚህ ሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ አልኩ።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ በረታ፤ የጭነት መኪናዎች መንገድ ላይ እየተቀረቀሩ ነበር። በሚቀጥለው ልጄን አተኮሳት። ከዚያም ሌላ ነገር መጣ። ድንቅቱ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

"ደብዳቤውን አደረስክላቸው?"

"በዚህ ሳምንት።"

"ባለፈውም እንዲህ ነበር ያልከኝ፣ ውባየሁ።"

"መኪና የለም፣ ድንቅቱ! በእግሬ ልሂድ?"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ነሐሴ 11 ቀን ጠዋት ወረቀቱን ሳነብ የዝናቡ ቦታ ላይ ዜሮ ሆኖ አገኘሁት። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም መስመር ዜሮ ነው። አምቦ ላይ ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር። የሐይቁ ከፍታ ግን እንደ ወትሮው እየተላከ ነው፤ እንዲያውም እየጨመረ። ኮከቦቹም አሉ። የመለኪያው ሽቦ ተበጥሷል ብዬ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ "ብልሽት?" ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ጉዩ በየጠዋቱ የመለኪያውን አፍ እንደሚያጸዱ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሐሳቤ የሄደው ወደ ሽቦው ነው።

ለጓድ ፈይሳ ነገርኳቸው።

"ከፍታውን እየላከ ነው አይደል?" አሉ።

"እየላከ ነው።"

"እንግዲያው ዝናቡ ይቆይ፤ መንገዱ ይድረቅ።"

አልተከራከርኩም። ዜሮዎቹ ቀጠሉ፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ማሽኑ በነሐሴ ብቻ ሃያ ስድስት ጊዜ ወደቀ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ተነሳ።

ነሐሴ 29 ቀን ወደ ወንጪ የሚሄድ ጭነት መኪና ተገኘ። ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ውስጥ አደረግሁ። አፋፉ ላይ ፈረስ ይዤ ስወርድ መንገዱን ጎርፍ በልቶት ነበር፤ ግማሹን በእግሬ እየተንሸራተትኩ ነው የወረድኩት። በበሩ ላይ ማንም የለም። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለውን መተላለፊያ ሣር ውጦታል። የዝናብ መለኪያው አፍ በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኖ፣ ውሃው ከላይ ሞልቶ በጎን ይፈስሳል። እሱን ሳይ ነው የገባኝ።

"ኦቦ ጉዩ!" አልኩ። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ጮክ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

በሩ በውስጥ በኩል በእንጨት ተደግፎ ነበር። በትከሻዬ ገፋሁት። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ከሞቱ ብዙ ቀን ሆኗቸዋል። ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም። አፍንጫዬን በእጅጌዬ ይዤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እንደቆምኩ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሪሌዋ ጠቅ አለች። ፕሮግራሙ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ቆይታ መልሳ ጠቅ አለች፤ ሬዲዮው ማንሾካሾክ ጀመረ። ወጥቼ ሮጥኩ።

አዴ ደስታነሽን አዲሱ መንደር ውስጥ አገኘኋቸው። ፊቴን ሲያዩ ነው ያወቁት። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቅኋቸው።

"ማንም አልወረደም ነበር?"

"እኔ ፍልሰታ ሲገባ ወርጄ ነበር" አሉ። "ይስለዋል፣ ደረቱን ይዞታል። ወደ ላይ እናውጣህ ብለው እምቢ አለ። ውቤ ሊመጣ ነው፣ ከመጣ አምቦ ሐኪም ቤት ይወስደኛል አለኝ። ብዙ ቆየኮ፣ በዚህ ሰሞን መምጣቱ አይቀርም አለ።"

እንባቸውን ጠርገው ቀጠሉ።

"ከዚያ ዳገቱ ተናደ፣ መንገዱ ተቆረጠ። ሲመሽ ያቺን ቀይ መብራት ከዚህ ሆነን እናያታለን። አንዳንዴ ትጠፋለች፣ ወዲያው ትበራለች። እሱ የሚያጠፋት የሚያበራት ነበር የሚመስለን። አለ፣ ደህና ነው እንል ነበር።"

በማግስቱ የመንደሩ ሰዎች ወርደው ገነዟቸው። በግንድ ጀልባ ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። ጀልባዋ ጠባብ ስለነበረች አስከሬኑ፣ ቀዛፊውና አባ ወልደሰንበት የሚባሉት ቄስ ብቻ ቀድመው ሄዱ፤ እኛ በሁለተኛው ዙር ተሻገርን። ዝናብ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ ሁለት ጊዜ በጣሳ ቀዱት።

ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ እንደነበረ አምቦ ተመለስኩ። ከጀርባው አድራሻ አለ። ለቱፋ መጻፍ ነበረብኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚጽፍለት ሰው አልነበረም። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። "ይድረስ ለውድ ቱፋ" እልና ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ጌጤነሽ ልጅቷን እያጠባች ታየኛለች።

"ጻፍለት እንጂ። ልጁ አባቱ አለ ብሎ ነው ያለው።"

"ነገ እጽፋለሁ።"

መስከረም አለቀ፤ ጥቅምትም አለቀ። ደብዳቤውን ወደ መሳቢያው መልሼው ነበር።

ኅዳር 1981 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ድንቅቱ ብቅ ብላ "ሰው ይፈልግሃል" አለችኝ። ድምፅዋ ሌላ ነበር። ከኋላዋ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ በሁለት ክራንች የተደገፈ ወጣት ገባ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ዓይኖቹ የኦቦ ጉዩ ዓይኖች ናቸው።

"ጋሼ ውባየሁ እርስዎ ነዎት?" አለ። ፈገግ አለ። "ከሁለት ዓመት በላይ ጽሕፈትዎን ሳነብ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።"

ወንበር ሳብኩለት። ድንቅቱ በሩን ዘግታ ወጣች።

"አባቴ ተቆጥቶኝ ነው?" አለኝ ገና ሳይረጋጋ። "እግሬን ስለጻፍኩለት? ሆስፒታል ሆኜ በየሳምንቱ የጠያቂ ቀን በሩን ስጠብቅ ነበር። የሌሎቹ ቤተሰብ ከጎጃም፣ ከሐረር ድረስ መጣ። የእኔ አባት የአንድ ቀን መንገድ ነው ብዬ እመካ ነበር። ታምሞ ነው?"

"ቱፋ" አልኩት፣ "አባትህ ዐርፈዋል።"

ክራንቾቹን ጉልበቱ ላይ አጋደማቸው። ለረጅም ጊዜ አንዱን እንጨት በአውራ ጣቱ እያሸ ቆየ።

"መቼ?"

"ነሐሴ ላይ።"

"ነሐሴ ስንት?"

"በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። ዘጠኝ ወይም አሥር ሳይሆን አይቀርም።"

"የሚያውቅ ከሌለ ዘጠኝ ወይም አሥር መሆኑን እንዴት አወቅህ?" አንቱታው ቀረ።

የነሐሴን ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁለት። ዝናቡ እስከ ዘጠኝ ድረስ መመዝገቡን፣ ከዚያ ዜሮ መሆኑን፣ አባቱ በየጠዋቱ መለኪያውን ያጸዱ እንደነበር ነገርኩት። መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። "ብልሽት?" ያልኩባት ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ ሄድክ?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

ጣቱን እስከ ሃያ ዘጠኝ አወረደው። ሩቅ ነበር፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማጠፍ ነበረበት።

"ደብዳቤዬስ?" አለ። "መልስ ባይጽፍም ደርሶት ነበር?"

የውሸት ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደርሷቸዋል፣ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ሊመጡ ሲሉ ታመሙ ብዬ ብነግረው ማን ያውቃል? መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልነካውም። ማኅተሙን አየ፣ ያልተቀደደውን ጠርዝ አየ።

"አንብብልኝ" አለ።

"ቱፋ፣ እባክህ..."

"ለሱ ታነብለት አልነበር? ለኔም አንብብልኝ።"

ቀደድኩት። "ይድረስ ለውድ አባቴ ለኦቦ ጉዩ። እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። አባቴ ሆይ አትደንግጥ፤ መጋቢት ላይ ቆስዬ ግራ እግሬ ተቆርጧል። አሁን አዲስ አበባ ሆስፒታል ነኝ፣ ቁስሉ ድኗል። ከነሐሴ በኋላ ወዴት እንደሚወስዱን አይታወቅም። ስለዚህ ከነሐሴ በፊት ናና እየኝ። መንገዱ አያስፈራህ፣ ጋሼ ውባየሁ አውቶቡስ ላይ ያሳፍሩሃል..." እዚያ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

"ጨርሰው" አለ።

"...ያሳፍሩሃል። ምንም ነገር ይዘህ አትምጣ። አንተን ብቻ ነው ማየት የምፈልገው። ልጅህ ቱፋ።"

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ እንደነበረው አጣጥፎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አደረገው። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"መቃብሩን አሳየኝ" አለ ብቻ።

ጓድ ፈይሳ ያን ቀን ላንድሮቨሩን ያለ ንግግር ሰጡን። ቁልቁለቱን ክራንቾቹን እኔ ተሸክሜ፣ እሱ በፈረስ ወረደ። ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቡት። መቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ አዴ ደስታነሽ ዘንድ ተቀመጠ። የአባቱን ሥራ እንዲሰጡት ጓድ ፈይሳን ለመንኳቸው። እሳቸውም አዘኑ፤ እውነት አዝነዋል። ግን የበላይ አካል መልስ በጥር መጣ። ጣቢያው ከነሐሴ ጀምሮ ያለ ዘበኛ እየሠራ ስለሆነ የሥራ መደቡ ተሰርዟል ይላል። የዝናብ መለኪያው አፍ ላይ ወንፊት እንዲገጠም ታዘዘ። ወንፊቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳዋንም ነቅዬ ልጥላት ሁለት ጊዜ ሳጥኑን ከፍቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ዘጋሁት፤ ልጅ ነበረችኝ፣ ሥራዬንም እፈልገው ነበር።

ቱፋ ከፋሲካ በኋላ ለመሄድ ወሰነ። አዲስ አበባ አብሮት የታከመ ጓደኛው ጫማ ይሠራ ነበርና እንዲማር ጠርቶታል። አምቦ አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት፤ ሻንጣውን ተሸክሜለት ገባሁ። ክራንቾቹን ወንበር ሥር ካስተካከለ በኋላ ወርጄ በመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ "ጊንጪ፣ ሆለታ፣ አዲስ አበባ!" እያለ ይጮሃል። ቱፋ እስከዚያ ድረስ ስለ መንገድና ስለ አቧራ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወራኝም። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቱን አወጣ።

"አክስቴ ብቻዋን ናት" አለኝ። "አንዳንዴ ሄደህ እያት።"

"እሺ" አልኩት።

ይህን ከተባባልን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አዴ ደስታነሽ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።